በርጋጊው የከፈተው ውሃ

ፀጉር አስተካካዩን በስሙ የሚጠራው ሰው በመንደሩ ውስጥ አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ በር ሲንኳኳ ዘሎ የሚነሳ፣ ዶሮ ከኋላው ክንፏን ብታራግብ «እናቴ ድረሽልኝ!» ብሎ የሚጮህ ስለነበር፣ አብሮ አደጎቹ ለፈረስ እንጂ ለሰው የማይሰጥ ስም አወጡለት፤ በርጋጊው አሉት። ስሙ አብሮት አደገ፣ አብሮት ሚስት አገባ፣ አብሮት ሱቅ ከፈተ። እሱም ከመልመዱ የተነሳ፣ ሰው በእውነተኛ ስሙ ቢጠራው ምን መጣብኝ ብሎ የሚደነግጥ ሆኖ ነበር።

በሥራው ግን የሚደርስበት አልነበረም። ምላጭ በያዘ ቁጥር የሰውየውን ጉሮሮ የቆረጠ ያህል ልቡ ስለሚመታ፣ እጁን እንደ ጥጥ ነው የሚያሳርፈው። ትንሽ ይላጫል፣ ቆም ብሎ ያያል፣ «አመመህ እንዴ?» ይላል፣ ደግሞ ትንሽ ይላጫል። የቸኮለ ሰው ወደ ሱቁ ዝር አይልም። ያልቸኮለው ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። «የዚህ ሰውዬ ፍርሃት እንኳ ያስተኛል» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል። በሳቁ መሃል በሩ ድንገት ከተከፈተ ግን መቀሱ ከእጁ ይወድቃል።

ወደ መንደሩ ምክር ቤት የገባውም በዚሁ በፍርሃቱ ነው። በዚያ ዓመት የላይኛውና የታችኛው ሰፈር በመንገድ መብራት ተጣልተው፣ አንዱ ያቀረበውን ሰው ሌላው እየጣለ ምርጫው አልቋጭ ብሎ ነበር። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ ሰውን ያቀልጣል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ሁሉም ልቡ ወደ ቤቱ ሄዷል። ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ «በርጋጊው ይሁን!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። በርጋጊው ከላይም ከታችም አይደለም፤ ከማንም ተጣልቶ አያውቅም፤ ለመጣላትስ ድፍረት ከየት አባቱ ያመጣል? እጆች አንድ በአንድ ወጡ።

«ትስማማለህ?» አለው ሊቀመንበሩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ምላሱ ተሳሰረ። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠሩለትና ጭብጨባው ቀለጠ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። አትክልት ቸርቻሪ ናት፤ ገበያ መሃል ቆማ በምላስ የሚያሸንፋት ገና አልተወለደም።

«ምን ሆነህ ነው አይሆንም ያላልከው?»

«ሰው ሁሉ አየኝ'ኮ።»

«ቢያይህስ? ይበላሃል?»

«አንቺ አልነበርሽም እንጂ ሊበሉኝ ምንም አልቀራቸው።»

«ጋሼስ? ዝም ብሎ ያያል?»

ጋሼ የምትለው ሊቀመንበሩን ነው፤ ታላቅ ወንድሟ ነው።

«ጭብጨባውን ማን አስጀመረው መሰለሽ?» አለና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሳያወልቅ ቀረ።

አዲሱ የምክር ቤት አባል የተሰጠው ሥራ የመንደሩን ንብረት መጠበቅ ነበር። ንብረት ማለት አዳራሹ፣ የተጣሉበት መብራት፣ የቦዩ ድልድይና የውሃው ታንከር ነው። ለሌላው ሰው ከነዚህ ሁሉ የሚያሳስበው መብራቱ ነበር። ለበርጋጊው ግን ታንከሩ ሆነበት።

ታንከሩ በመንደሩ እምብርት ላይ፣ በአራት የሲሚንቶ ምሶሶ ላይ ቆሟል። ከየትም ሰፈር ይታያል። ሊቀመንበሩ ግንበኛ ነው፤ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ፣ ድምፁ ግድግዳ የሚያልፍ። ታንከሩን በጉብዝናው ጊዜ ከአባቱ ጋር ሆኖ ነው የሠራው። አባትየው ሥራው ካለቀ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ስለሞቱ፣ ልጅየው ከዚያ ስር ባለፈ ቁጥር አንዱን ምሶሶ በመዳፉ ቸብ ያደርጋል። እንግዳ ከመጣ ሌላ የሚያሳየው ነገር የለውም። ወደ ላይ ይጠቁምና «የአባቴ እጅ ነው» ይላል፣ በቃ።

ከታንከሩ ስር፣ አጥር ብቻ ተለይቶ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ አለ። እዚያ የምታስተምረው የበርጋጊው ታናሽ እህት ናት። ከአንድ ማሕፀን መውጣታቸውን ማንም አያምንም። እሷ ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ እባብ በዱላ አንጠልጥላ ከክፍል የምታወጣ ሴት ናት።

አንድ ቀን ጠዋት የማፍሰሻው ቫልቭ የተቆለፈበትን ሣጥን ሊያይ ሄደ። ቁልፉ አሁን በሱ እጅ ነው። ሣጥኑን ዘግቶ ሲነሳ ወገቡን ሊደግፍ አጠገቡ ያለውን ምሶሶ ያዘ። የያዘው ልስን እንደ ዳቦ ቅርፊት ተላቆ መዳፉ ላይ ቀረ። ከስሩ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር። ከስንጥቁ ደግሞ የዛገ ውሃ ቡናማ መስመር እየሠራ ቁልቁል ወርዷል። ቀና ብሎ አየ። ያ ሁሉ ውሃ ጭንቅላቱ ላይ ነው። ከአጥሩ ማዶ ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየዘመሩ ይዞራሉ። እዚያው ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ከስር መቀመጡ ትዝ ሲለው ግን እግሬ አውጪኝ ብሎ መንገዱን ተሻገረ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሲናገር ድምፁ እንደ ጎረምሳ ይሰባበር ነበር። ስንጥቁን አስረዳ፣ ጣቱን አውጥቶ እስከየት እንደሚገባ አሳየ።

«የተሰነጠቀው ያንተ ልብ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

«ጋሼ፣ በራስህ ዓይን እየው።»

«ሲሚንቶውን ያቦካሁት እኔ! ብረቱን ያሰርኩት እኔ! ምን ልታሳየኝ ነው?» አሁን አልሳቀም። አንገቱ ላይ ያለው ስር ተገትሯል። በርጋጊው ያንን ስር ሲያይ ተቀመጠ።

ሆኖም አንድ አባል «መሐንዲስ ቢያየው ምናለ?» ስላለ ከዋናው ከተማ መሐንዲስ ተጠራ። መሐንዲሱ ጨዋ ሰው ነበር። ምሶሶዎቹን በትንሽ መዶሻ እየመታ ጆሮውን አስጠጋ፣ ስንጥቁን በመብራት አየ፣ እጁን አራገፈ።

«እንዲህ በዓይን አይቶ ይቆማል አይቆምም ማለት አይቻልም» አለ። «በመሣሪያ መመርመር አለበት። መሣሪያው ደግሞ አንድ ነው፤ ወረፋ ይጠብቃል። እስከዚያው ባዶ ብታደርጉት ደግ ነው።»

«በበጋ?» አለ ሊቀመንበሩ። «ሰው ምን ይጠጣ?»

«እሱን እናንተ ትወስናላችሁ። እኔ የመሰለኝን ነገርኳችሁ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ውሳኔው ከስብሰባ ስብሰባ ይንከባለል ጀመር። ባዶ ይደረግ የሚል ሰው አይገኝም፤ ከጥማት ጋር ስሙ እንዲነሳ የሚፈልግ የለማ። ልጆቹ ወደ አዳራሹ ይዛወሩ ተባለ፤ አዳራሹ ወንበር እንጂ ምንጣፍ የለውም ተባለ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ተባለ። በርጋጊው እህቱ ዘንድ ሄደ።

«ልጆቹን በኔ ይሁንብሽ፣ ወደ ቤትሽ ውሰጂያቸው።»

«ወንድም ጋሼ፣ ቤቴ አንድ ክፍል ነው። በላይ በላይ ልደርድራቸው?»

«ቢወድቅስ?»

«ቢወድቅ፣ ቢወድቅ! ልጅ ሆነን ጨረቃ ትወድቃለች ብለህ አልጋ ስር ትገባ አልነበር?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠችው። «እሺ፣ በአጥሩ በኩል እንዳይጫወቱ አደርጋለሁ። አሁን ሂድ፣ ልጆቹን ታስፈራብኛለህ።»

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰውየው ሰው አልሆነም። እንጀራውን ቆርሶ ይተወዋል። ፀጉር እየቆረጠ በመስታወቱ ውስጥ የሚያየው የደንበኛውን ፊት ሳይሆን ከበሩ ውጭ የሚታየውን የታንከሩን ሆድ ነው። መኪና ሲያልፍ፣ በር ሲዘጋ፣ ነጋዴ ጆንያ ሲጥል፣ በቃ ወደቀ ይላል ልቡ። ሁለት ፍርሃት አንድ ላይ ያዘው። አንደኛው ታንከሩ ነው። ሁለተኛው ሰዉ ነው፤ «አፍስሱት» ብሎ በሰው ፊት የሚጮህበት ቀን እንዳይመጣ ይፈራል። አንዱን ሲሸሽ ሌላው ላይ ይወድቃል። ሚስቱ ሳህኑን ወደሱ እየገፋች «አንተ ሰውዬ፣ ሳይወድቅ ልትሞት ነው» ትለው ነበር።

ያ ቀን የመጣው ሳይታሰብ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ነፋስ ተነሳ፤ የበጋ ደረቅ ነፋስ። አቧራው መንገዱን ደፈነው፣ መስኮቶች ተጋጩ። በርጋጊው ሥጋ ሻጩን እየላጨ ነበር፤ አንድ ጉንጩ ተላጭቷል፣ ሌላው አረፋ ለብሷል። በዚያ መሃል አንድ ድምፅ ሰማ። ረዥም፣ ቀጭን፣ እንደተወጠረ ገመድ ያለ። ከቆርቆሮ ይሁን ከዛፍ እሱ ራሱ እስከ ዛሬ አያውቅም።

«ምንድነው?» አለ ሥጋ ሻጩ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ዓይኑን ሲገልጥ በሩ ወለል ብሏል፣ ምላጩ መሬት ወድቋል፣ ፀጉር አስተካካዩ የለም።

በርጋጊው ሲደርስ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ነበሩ። ነፋሱ ደስ ብሏቸው ልብሳቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው፣ በዚያው በአጥሩ በኩል ይሯሯጣሉ። «ግቡ! ውጡ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ድምፁ አልወጣም። ታንከሩ ከላይ የሚወዛወዝ መሰለው። ደመናው ይሁን የሄደው ታንከሩ፣ ማን ያጣራ? እጁ ብቻውን ቁልፉን አወጣ፤ ሣጥኑን ከፈተ፤ የቫልቩን ክብ መዘውር ያዘ። መዘውሩ ዝጎ እምቢ አለ። ተንጠለጠለበት፣ በእግሩ ምሶሶውን ረግጦ ጎተተው፤ ሊወድቅብኝ ነው የሚለውን ምሶሶ! ድንገት መዘውሩ ዞረ።

ውሃው እንደ ነጎድጓድ እየጮኸ ወጣ። በርጋጊው ታንከሩ የወደቀ መሰለው። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ጭቃው ውስጥ በግንባሩ ተደፋ፤ «በቃ» አለ፤ ሞትን ጠበቀ። ሞት ሲዘገይበት አንድ ዓይኑን ገለጠ። ታንከሩ እንደቆመ ነው። ውሃው ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ቦይ ሞልቶ፣ መንገዱን ጠርጎ፣ ወደ ገበያው ይወርዳል። እህቱ ልጆቹን በኋላ በር አንድ በአንድ እያወጣች በአጥሩ ላይ ጮኸች። «ምን አደረግክ? ወንድም ጋሼ፣ ምን አደረግክ!»

ወሬው ከውሃው ቀድሞ መንደሩን አዳረሰ። ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ሴቶች ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር ይዘው ከጭቃው ጋር ይቀዳሉ። የበጋው ውሃ፣ የወራት ውሃ፣ ዓይናቸው እያየ መሬት እየጠጣው ነው። አንዱ ቫልቩን ሊዘጋ ሞከረ፤ መዘውሩ ከነዘንጉ እጁ ላይ ቀረ። ከገበያው የተጠረገ ቲማቲም እየተንሳፈፈ ሲያልፍ በርጋጊው አየው። የሚስቱ ቲማቲም ነው።

«ማነው የከፈተው?» የሚል ድምፅ ተነሳ። ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ከዚያ ብዙ። ዓይኖች ዞረው ጭቃ የለበሰውን ሰው አገኙት። መሸሽ ያውቅበታል፤ ዕድሜውን ሙሉ የተለማመደው ነው። ሱቁ ገብቶ በሩን ቀረቀረ፣ ወንበሩን አስደገፈ፣ ከመስታወቱ ስር ባለችው ጠባብ ቦታ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ።

የቆርቆሮው በር በቡጢ ሲደበደብ የሱ ደረት ይመስለው ነበር። «ውጣ! ውጣ አንተ!» ድንጋይ ጣሪያው ላይ ወድቆ ተንከባለለ። መደርደሪያው ላይ ያለው የአልኮል ጠርሙስ ተንቀጠቀጠ፣ ወደቀ፣ ተሰበረ። ሽታው አፍንጫው ውስጥ ገባ። የሚያውቃቸው ድምፆች ናቸው፤ እያንዳንዱን አንገት በእጁ ያውቀዋል። የሚያስፈራውም ይሄ ነበር። እነዚያ ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን የሚያንቀላፉ ሰዎች፣ አሁን በሩን ሊያፈርሱ ነው። ማን ማን እንደሆነ ላለመስማት ጆሮውን ደፈነ።

ጆሮውን ደፍኖም አንድ ድምፅ ሰማ። ሚስቱ ናት።

«ዞር በሉ ከበሩ! ቲማቲሜን ጠራርጎ የወሰደብኝን እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ! እናንተ ማን ናችሁ? የማን ባል መሰላችሁ?»

«ውሃችንን አፈሰሰው'ኮ!»

«የኔስ ውሃ አይደለም? እኔ ልጠማ አይደለም? እሱን የሚነካ መጀመሪያ በኔ በኩል ይለፍ!»

ፊት ለፊቷ የቆመው፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ የደረቀበት ሥጋ ሻጭ ነበር። አየችውና ሳታስበው ሳቀች። አጠገቡ ያሉትም አይተውት ሳቁ። ንዴቱ ባይጠፋም ጫፉ ዶለዶመ። ሰዉ እያጉረመረመ ጥቂት ወደ ኋላ ሲል ሊቀመንበሩ ደረሰ። በሩ አጠገብ ቆሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ክፈት።»

«ትመታኛለህ፣ ጋሼ።»

«ልመታህ እችል ነበር። አልመታህም። ነገ ስብሰባ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ይመጣል። ብትቀር ግን እኔ ራሴ መጥቼ በጆሮህ እጎትትሃለሁ።»

በማግስቱ አዳራሹ ሰው አልበቃው ብሎ በመስኮት የሚያዳምጥ ነበር። በርጋጊውን መሃል አቆሙት። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሚስቱ ከፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ እንዳይወድቅ በዓይኗ የያዘችው ይመስል ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም።

«ለምን አደረግከው?» ተባለ።

«ፈራሁ» አለ።

ሰዉ ሌላ ጠበቀ። ሌላ አልመጣም።

«በቃ? ፈራሁ?»

«በቃ። ሲሚንቶ አላውቅም። ይወድቅ ነበር ብዬ አልምልም፤ ላይወድቅም ይችላል። ልጆቹ ከስር ሲሮጡ ሳይ ግን አልቻልኩም። ያንን ድምፅ... በቃ ፈራሁ።»

ከአባልነት ይሰናበት የሚለው ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። እጅ እንደ ጫካ ወጣ። ከእጆቹ መካከል የበርጋጊው የራሱ እጅም ነበር፤ ያውም ከሁሉ ከፍ ብሎ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሊቀመንበሩ የሣጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እንግዲህ ወሬ ይብቃን። ቫልቩ ዛሬ ተጠግኗል። የሚቀረው ዘግቶ፣ ከወንዙ ትንሽ ትንሽ እያለ ውሃ የሚስበውን ፓምፕ ማስነሳት ነው። ማን ይሙላው?»

ትናንት በር ሲደበድቡ የነበሩት ጎረምሶች ጫማቸውን አዩ። አንዱ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። «እኔ የምክር ቤት ሰው አይደለሁም» አለ ሌላው። «ቁልፍ የያዘ ሰው ነው እንጂ...» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው ሦስተኛው። እስከ ትናንት ታንከሩ ሞልቶ ነበር፤ ማንም አልሞላውም፤ እንዲያው ሞልቶ የተገኘ ነገር ነበር። ዛሬ ግን የሚሞላው ሰው ስም ሊኖረው ነው። ቢወድቅ «እገሌ ሞልቶት» ሊባል ነው።

«እንግዲያው እኔ!» አለ ሊቀመንበሩና ቁልፉን መንጭቆ ወጣ። ሰው ሁሉ ተከተለው። በርጋጊው ከሁሉም ኋላ፣ ከመንገዱ ማዶ ቀረ።

ሊቀመንበሩ ከታንከሩ ስር ገባ። መዘውሩን ያዘ። ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ስንጥቁን አየው፤ ከመሐንዲሱ ጋር ሲቆም እንኳ ዓይኑን ያላሳረፈበትን ስንጥቅ። ዝቅ ብሎ አውራ ጣቱን አስገባበት። ከአጥሩ ማዶ ልጆቹ የሰዉን ብዛት አይተው በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫቸውን አውጥተዋል። ሰዉ ትከሻውንና ሰፊ ጀርባውን ብቻ ነው ያየው። በርጋጊው ግን ፍርሃትን ከሩቅ ያውቃል። የግንበኛው ሱሪ ከጉልበቱ በላይ ሲርገበገብ አየ፤ ያን ቀን ደግሞ ነፋስ አልነበረም።

ሊቀመንበሩ እጁን ከመዘውሩ አነሳ። ሣጥኑን ቆለፈ። «ነገ» አለ፤ ለማንም አልነበረም የተናገረው። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ነገም፣ ከነገ ወዲያም ማንም አልሞላውም፤ የጠየቀም የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ከባድ ነበር። ውሃ ከወንዝ ሆነ፤ ቁልቁል ባዶ ጀሪካን፣ ሽቅብ ሙሉ ጀሪካን። በርጋጊው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ሴቶቹ በረድፍ ሲወጡ ሲያይ፣ አንዳንዷ ምራቋን ትፍ ትላለች፣ አንዳንዷ አንገቷን ትሰብርለታለች። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ፀጉራቸውን አሳደጉ እንጂ አልመጡም። ሥጋ ሻጩማ ፂሙን ትቶት ሌላ ሰው መሰለ። አሁን ደግሞ አዲስ ፍርሃት ገባበት፤ ተሳስቼ ቢሆንስ? ታንከሩ እንደ አለት ጠንካራ ሆኖ፣ ይህን ሁሉ ሰው ያስለፋሁት በከንቱ ቢሆንስ?

ዝናብ በጀመረ ሰሞን አንዲት አሮጊት ከወንዝ ሲመለሱ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሲነግሩት መቆሚያ አጣ። ወደ ቤታቸው ሄዶ በር ላይ ቆመ፤ መግባትም መመለስም አቃተው።

«ማነው በሬን የሚያጨልመው?» አሉ ከአልጋቸው ላይ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«በርጋጊው? ግባ፤ በር ላይ አትገተር።»

ገባ። እግራቸው ከጣውላ ጋር ታስሯል። «በኔ ነው፣ እማማ። ውሃውን ባላፈሰው...»

«አዎ፣ በአንተ ነው» አሉ አሮጊቷ። የጠበቀው ይህንን አልነበረም። «የልጅ ልጄ ደግሞ እዚያ ግቢ ውስጥ ነው የሚውለው። የቱን ልበል? እኔም አላውቅም፣ ልጄ። ተኝቼ አስበዋለሁ፤ አላውቀውም። ይልቅ መቀስህን ይዘህ ና። ፀጉሬ ትራሱን ሞላው፤ ራሴን ማበጠር አልቻልኩም።»

እስኪሻላቸው ድረስ እየተመላለሰ ፀጉራቸውን ሠራላቸው። ከዚያ በኋላ ቆመው ሄዱ፤ በምርኩዝ ግን ነው፣ እስከ ዛሬ።

የመመርመሪያው መሣሪያ ወረፋ ሳይደርሳቸው፣ አዲስ ታንከር ከመንደሩ ወጣ ብሎ ከኮረብታው ላይ፣ ምሶሶ የሌለው፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ሆኖ ተሠራ። ውሃው ራሱ ቁልቁል ይወርዳል። አሮጌውን ሊያፈርሱ ባለሙያዎች በመጡ ቀን ልጆቹን አራቁ፣ መንገዱን ዘጉ፣ የብረት ገመድ አስረው በትልቅ መኪና ጎተቱት። ሁሉም ሰው የፈለገው አንድ ነገር ማየት ነበር፤ የተሰነጠቀው ምሶሶ እንዴት እንደሚሆን። ታንከሩ ዘንበል አለ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ አቧራው ሁሉን ዋጠው። አቧራው ሲገለጥ አራቱም ምሶሶዎች እንክትክታቸው ወጥቶ ተደባልቀዋል። የትኛው ቀድሞ እንደተሰበረ ያየ ሰው የለም። ገሚሱ «በአንድ ሳብታ ወደቀ፤ በርጋጊው ልክ ነበር» አለ። ገሚሱ «መኪናውን አስጓርቶታል፤ ገና መቶ ዓመት ይቆም ነበር» አለ። ዛሬም ሲከራከሩ ይውላሉ። ሊቀመንበሩ ከፍርስራሹ መሃል አንድ ቁራጭ ሲሚንቶ አንስቶ፣ በመዳፉ መዘን መዘን አድርጎ፣ ኪሱ ከተተውና ሄደ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ሱቁ መጣ። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ረግጦት አያውቅም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ። በርጋጊው አረፋውን ቀባው።

«የአዲሱ ታንከር ቁልፍ በማን እጅ ይሁን ብለን ትናንት ተሰብስበን ነበር» አለ ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጨፍኖ።

«እና?»

«ፈሪ ይያዘው አሉ። ያንተን ስም ጠሩ።»

ምላጩ አየር ላይ ቆመ። «ተው ጋሼ። ተው በናትህ። ገና አሁን እንቅልፍ መተኛት ጀመርኩ።»

«እኔም እንደዛ አልኳቸው። እሱ ብቻውን አይችልም፣ ሁለት ፈሪ ይያዘው አልኳቸው።»

«ሁለተኛው ማነው?»

ሊቀመንበሩ አንድ ዓይኑን ገልጦ በመስታወቱ ውስጥ አየውና መልሶ ጨፈነው። «ላጭ እንጂ፤ አረፋው ደረቀብኝ።»

አሁን ሁለቱ በየሳምንቱ ኮረብታውን አብረው ይወጣሉ። ሊቀመንበሩ ግድግዳውን በመዳፉ እየመታ ይዞራል፤ በርጋጊው ከጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ለመሮጥ በሚመች ቦታ ቆሞ ይጠብቃል። «ደህና ነው?» ይላል ከዚያው ሆኖ። «ደህና ነው» ይባላል። «እስቲ ደግመህ እየው።» ሊቀመንበሩ እየተነጫነጨ ደግሞ ያየዋል። ሚስትየዋ ገበያ ላይ ሆና ሲወርዱ ስታያቸው፣ አንዱ ወንድሟ ሌላው ባሏ፣ ለደንበኞቿ «ጀግኖቼ መጡ» ትላለች፤ ሰዉም ይስቃል። ከዚያ ቲማቲሙን በቧንቧ ውሃ አጥባ ትመዝንላቸዋለች።